አሮጌ ኢአይኤን ለአዲስ ቢዝነስ ይሠራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ አንድ ቢዝነስ ዘግተው ሌላ ሊከፍቱ ያሰቡ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁትን ሰብስበናል፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

ኢአይኤን ምንድን ነው?

የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ ለቢዝነስ የሚሰጠው ባለ 9 አሃዝ ቁጥር ነው። ሁለት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ሰባት አሃዝ ሆኖ ይጻፋል። ብዙ ሰው «ታክስ አይዲ» የሚለው ይህንኑ ነው። ለሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ የሚሠራውን ሥራ ለድርጅት ይሄ ይሠራል።

ፈቃድ ግን አይደለም። ኢአይኤን ስላወጡ ድርጅት አቋቋሙ ማለት አይደለም፤ ኤልኤልሲም (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ሆነ ኮርፖሬሽን (የአክሲዮን ድርጅት) የሚቋቋመው በስቴት ነው። የስቴቱ የሴልስ ታክስ ቁጥር፣ የሥራ አጥ መድን አካውንት፣ የካውንቲው ፈቃድ ሁሉም ለየብቻ ናቸው። እዚህ የምናወራው ስለ ፌዴራሉ ቁጥር ብቻ ነው።

ቢዝነሴን ከዘጋሁ ዓመታት አልፈዋል። ቁጥሩ ጊዜው አላለፈበትም?

አላለፈበትም። ኢአይኤን ማብቂያ ቀን የለውም፣ ዕድሳትም አይጠይቅም። አይአርኤስ አንዴ የሰጠውን ቁጥር መልሶ ለሌላ አይሰጥም። ሰርዙልኝ ቢሉት እንኳ አይሰርዘውም። ሲጠየቅ አካውንቱን ይዘጋል እንጂ ቁጥሩ የዚያው ባለቤት እንደሆነ ይኖራል።

ስለዚህ ስለ ቁጥሩ ዕድሜ አይጨነቁ። መጠየቅ ያለበት ቁጥሩ መጀመሪያ የወጣው በማን ስም ነው የሚለው ነው።

ወረቀቱ ጠፍቶብኛል፤ ቁጥሩንም አላስታውሰውም።

መጀመሪያ የድሮ ታክስዎን አውጥተው ይዩ። ቁጥሩ በስኬጁል ሲ (በግል ስሙ የሚሠራ ሰው የቢዝነሱን ገቢና ወጪ የሚሞላበት ፎርም) ወይም በድርጅቱ የታክስ ፎርም የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። የባንክ ሰነድ፣ የቆየ 1099 (ደንበኛ የከፈለዎትን የሚያሳውቅበት ፎርም) ወይም የድሮ የፔይሮል ወረቀት ላይም አይጠፋም። ቁጥሩ ሲወጣ የተላከልዎት ደብዳቤ ሲፒ 575 ይባላል፤ አይአርኤስ እሱን ሁለተኛ አይልክም። በምትኩ 147ሲ የሚባል ማረጋገጫ ይሰጣል፤ ባንክ ቤት የሚያገለግለውም እሱ ነው። የቢዝነስ መስመሩ 800-829-4933 ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 7 ይሠራል። መጠበቅ አለ፤ ሻይዎን ይዘው ይቀመጡ።

«ጠፍቶብኛል፣ ሌላ ላውጣ» ግን አይበሉ። በግል ስሙ የሚሠራ ሰው ሊኖረው የሚገባው አንድ ኢአይኤን ነው። ሁለት ሦስት አውጥተው ከሆነ የትኛውን እንደሚይዙ በዚሁ መስመር ይጠይቁ፤ አንዱን ይዘው ሌላውን ይተዋሉ።

እሺ፣ ለአዲሱ ሥራዬ ልጠቀምበት እችላለሁ ወይስ አልችልም?

እንደ ባለቤቱ ነው። ቁጥሩ የተሰጠው ለሥራው ሳይሆን ለባለቤቱ ነው። ባለቤት ስንል ወይ እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ ወይ በስቴት የተመዘገበው ድርጅት ነው። ያው ባለቤት የሥራውን ዓይነት ቢቀይር፣ የንግድ ስሙን ቢለውጥ፣ ሱቁን ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ቢያዛውር ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። ባለቤቱ ከተለወጠ ግን ሥራው ያው፣ ቦታው ያው፣ ምጣዱ ሳይቀር ያው ቢሆንም አዲስ ቁጥር ያስፈልጋል።

በራሱ ስም ሲሠራው የነበረውን ምግብ ቤት ዘግቶ የጽዳት ሥራ የጀመረ ሰው በአሮጌው ቁጥር መቀጠል ይችላል። ያንኑ ምግብ ቤት ከአጎቱ ተረክቦ በራሱ ስም የሚያስኬድ ሰው ግን በአጎቱ ቁጥር አንድ ቀን እንኳ መሥራት አይችልም። ሰውን ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው፤ አብዛኛው ሰው ቁጥሩ ከቤቱና ከሥራው ጋር የሚተላለፍ ይመስለዋል።

አገር ቤት በአንድ ቲን ስንት ንግድ እንሠራ የለ? እዚህስ?

ነገሩ ይቀራረባል። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ግለሰብ አንድ ቲን ብቻ ነው ያለው። የንግድ ዘርፍ ሲጨምር ወይም ሲቀይር የሚለወጠው ፈቃዱ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ካቋቋመ ደግሞ ማኅበሩ የራሱን ቲን ያወጣል። እዚህም በግል ስም ለሚሠራው ሁሉ አንድ ኢአይኤን ይበቃል፤ የተለየ ድርጅት ሲቋቋም የተለየ ቁጥር ይወጣለታል።

ልዩነቱ፣ ቲን የሰውየው የራሱ መለያ ስለሆነ ደመወዝተኛውም ይዞታል። እዚህ ያንን ሥራ ሶሻልዎ ይሠራል፤ ኢአይኤን የሚመጣው ቢዝነስ ሲኖር ነው።

በራሴ ስም ኡበር ስነዳ ያወጣሁት ኢአይኤን አለኝ። አሁን ኬተሪንግ ልጀምር ነው።

ይጠቀሙበት። አንድ ሰው በግል ስሙ የሚሠራቸው ሥራዎች ስንትም ቢሆኑ በአንድ ኢአይኤን ይሄዳሉ። ታክስ ሲሠሩ ግን ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱ ስኬጁል ሲ ይሞላል፤ የኡበሩ ቤንዚን ከኬተሪንጉ ሽንኩርት ጋር አይደባለቅም። ለኬተሪንጉ የንግድ ስም ቢያስመዘግቡም ቁጥሩ አይነካም።

እንዲያውም ሠራተኛ ካልቀጠሩ ኢአይኤን ባይኖርዎትም ሶሻልዎ ይበቃ ነበር። ብዙ ሰው የሚያወጣው ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ሶሻሉን ላለመስጠት ነው፤ ጥሩ ምክንያት ነው። በግል ስሙ የሚሠራ ሰው አዲስ ቁጥር የሚያስፈልገው ኮርፖሬሽን ሲያቋቁም፣ ሸሪክ ሲያስገባ፣ ባንክራፕሲ ሲገባ፣ ወይም የሌላ ሰው የነበረን ቢዝነስ ገዝቶም ሆነ ወርሶ በስሙ ሲያስኬድ ነው።

አዲስ ማውጣት ስንት ያስከፍላል?

ነፃ ነው። በአይአርኤስ ድረ ገጽ ተቀምጠው ከሞሉት ቁጥሩ እዚያው ይመጣል። ለዚህ ሶሻል ወይም አይቲን (ሶሻል ለሌለው ሰው አይአርኤስ የሚሰጠው የግብር ቁጥር) ያስፈልጋል። ሁለቱም የሌለው ሰው ኤስኤስ-4 የሚባለውን ፎርም በፋክስ ወይም በፖስታ ይልካል። አንድ ሰው በቀን ከአንድ በላይ ማውጣት አይፈቀድለትም። ገጹን ከፍተው ትተውት ከሄዱ ይዘጋብዎታል፤ ያልጨረሱትን አስቀምጦ አይጠብቅዎትም።

ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ከላይ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚያስከፍሉ የግል ድርጅቶች ናቸው። መልካቸው የመንግሥት ይመስላል፤ የሚሠሩት ያንኑ ነፃ ፎርም መሙላት ነው። ሌላው፣ ኤልኤልሲ ከሆነ መጀመሪያ በስቴት ያስመዝግቡ፤ ከዚያ ኢአይኤን ያውጡ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡና ስቴቱ ያሰቡትን ስም ካልፈቀደ፣ አይአርኤስ ጋ አንድ ስም ስቴት ጋ ሌላ ስም ይዘው ይቀራሉ።

በግል ስሜ ስሠራ ቆይቼ ኤልኤልሲ ከፈትኩ። አሮጌው ቁጥር ይበቃኛል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ሰው ኤልኤልሲ፣ እንደ ኮርፖሬሽን ይታይልኝ ብለው ካልመረጡ በቀር፣ ለገቢ ግብር ሲሆን አይአርኤስ እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። ስቴቱ ያውቀዋል፣ ፍርድ ቤትም ያውቀዋል። ትርፉ ግን እንደ ድሮው በእርስዎ የግል ታክስ ፎርም፣ 1040 ላይ፣ በስኬጁል ሲ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሠራተኛ ከሌለና ኤክሳይዝ ታክስ የሚያስከፍል ሥራ ካልሆነ፣ ኤልኤልሲው የራሱ ኢአይኤን እንዲኖረው የፌዴራል ሕጉ አያስገድድም።

ሠራተኛ የቀጠሩ ዕለት ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ2009 ጀምሮ ለፔይሮል ታክስ (ከሠራተኛ ደመወዝ ጋር ለሚከፈለው ግብር) ሲሆን ኤልኤልሲው ራሱን እንደቻለ አሠሪ ነው የሚታየው። አሮጌው ኢአይኤን የእርስዎ የግል ነው፤ አሠሪው ደግሞ ኤልኤልሲው ነው። ስለዚህ በየሩብ ዓመቱ የሚገባው የፔይሮል ታክስ ፎርም 941ም ሆነ የሠራተኛው የዓመት ደመወዝ ማሳወቂያ ደብሊው-2 በኤልኤልሲው አዲስ ቁጥር መሄድ አለበት። በግል ስም ሠራተኛ ቀጥረው ቆይተው ኤልኤልሲ የከፈቱ ሰዎች «ያው እኔው ነኝ» ብለው በአሮጌው ይቀጥላሉ። ስህተት ነው። ባንክም የኤልኤልሲ አካውንት ሲከፍቱ አብዛኛውን ጊዜ የኤልኤልሲውን ቁጥር ነው የሚጠይቀው። ለማንኛውም ነፃ ስለሆነ ኤልኤልሲ የከፈተ ሰው ሠራተኛ ባይኖረውም አዲሱን ቢያወጣ ይሻላል እላለሁ።

አሮጌውም ቢሆን ከሥራ ውጪ አይሆንም። ደንበኛ ደብሊው-9 (ስምዎንና የታክስ ቁጥርዎን የሚሰጡበት ፎርም) ሙላልኝ ሲልዎት፣ የአንድ ሰው ኤልኤልሲ የሚሰጠው የኤልኤልሲውን ኢአይኤን አይደለም። በመጀመሪያው መስመር የባለቤቱ ስም፣ በሁለተኛው የኤልኤልሲው ስም ይጻፋል፤ ቁጥሩ ደግሞ የባለቤቱ ሶሻል ወይም የባለቤቱ የራሱ ኢአይኤን ነው። ያ በኡበር ዘመን በስምዎ ያወጡት ቁጥር እዚህ ያገለግልዎታል፤ ሶሻልዎን ከመስጠት ያድንዎታል።

የቆየ ኤልኤልሲ አለኝ፤ ሥራው ቆሟል። ለሌላ ሥራ ባነሣውስ?

ኤልኤልሲው በስቴት መዝገብ ላይ በሕይወት ካለ ይችላሉ። የጭነት መኪና ሥራ ሲሠራ የነበረ ኤልኤልሲ ነገ ቡና ቆልቶ ቢሸጥ አይአርኤስ አዲስ ቁጥር አውጣ አይለውም። ስሙ ካልተስማማዎት በስቴት የስም ማሻሻያ ያስገቡና ለአይአርኤስ ያሳውቁ። አድራሻ ከተቀየረ ፎርም 8822-ቢ አለ። አይአርኤስ ጋ በኃላፊነት የተመዘገበው ሰው ከተቀየረ ደግሞ ያው ፎርም በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት።

ችግሩ በሕይወት አለ ወይ የሚለው ላይ ነው። ሜሪላንድ በየዓመቱ እስከ ኤፕሪል 15 ሪፖርትና 300 ዶላር ትፈልጋለች። ቨርጂኒያ በዓመት 50 ዶላር ትጠይቃለች። ይህ ሳይከፈል ሲቆይ ስቴቱ ኤልኤልሲውን ይጥለዋል። ውዝፉን ከፍለው ካስመለሱት ብዙውን ጊዜ ያው ድርጅት ነው፤ ቁጥሩም ያው ነው። ትተውት በዚያው ስም አዲስ ኤልኤልሲ ካስመዘገቡ ግን በሕግ ሌላ ድርጅት ተወልዷል፤ ቁጥርም ሌላ ያስፈልገዋል። የስሙ መመሳሰል ምንም አይረዳም። ውዝፉ የበዛ ከሆነ ሁለቱን ያስሉ፤ አዲስ መክፈቱ የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ኤልኤልሲው ምንም ገቢ ስላልነበረው ታክስ አላስገባሁም። ችግር አለው?

እንደ ዓይነቱ ነው። የአንድ ሰው ተራ ኤልኤልሲ ገቢም ወጪም ከሌለው ስኬጁል ሲ የሚሞላለት ነገር የለም። የሸሪኮች ኤልኤልሲም ገቢም ተቀናሽ ወጪም በሌለበት ዓመት የሽርክና ታክስ ፎርሙን 1065 ማስገባት አይጠበቅበትም። ኮርፖሬሽን ግን ሌላ ነው፤ ሥራ ሠራም አልሠራም እስኪዘጋ ድረስ በየዓመቱ ያስገባል።

በተለይ «ኤስ-ኮርፕ አድርጌው ነበር መሰለኝ» የሚሉ ሰዎች ቆም ይበሉ፤ ኤስ-ኮርፕ ማለት የድርጅቱ ትርፍ በባለድርሻዎቹ ታክስ ላይ እንዲገባ የሚመረጥ የታክስ አያያዝ ነው። ኤስ-ኮርፕ ዓመታዊ የታክስ ፎርሙን 1120-ኤስ ሲያዘገይ ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ባለድርሻ በየወሩ ከ200 ዶላር በላይ ነው፤ እስከ 12 ወር ይቆጥራል። ምንም ትርፍ ባይኖር እንኳ ይቆጥራል። አሮጌ ቁጥር ከማንሣትዎ በፊት አይአርኤስ ጋ ደውለው፣ ወይም አካውንታንትዎን ልከው፣ በዚያ ቁጥር ላይ የትኞቹ ፎርሞች እንደሚጠበቁና ያልተከፈለ ነገር እንዳለ ይጠይቁ። አሮጌ ቁጥር ከነታሪኩ ነው የሚመጣው።

ባለቤቴን ወይም ጓደኛዬን ሸሪክ ባስገባስ?

በግል ስም ያለ ኤልኤልሲ ሲሠሩ ከነበረ፣ ሸሪክ በገባ ዕለት አዲስ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ከእንግዲህ ባለቤቱ ሽርክናው ነው። ኤልኤልሲ ከነበረና የራሱ ኢአይኤን ካለው ግን ያው ቁጥር ይቀጥላል፤ የሚለወጠው የታክስ ፎርሙ ነው። በእርስዎ ሶሻል ብቻ ሲሠራ የነበረ ኤልኤልሲ ደግሞ አሁን የራሱን ያወጣል።

ባልና ሚስት ላይ ደግሞ የሚኖሩበት ስቴት ይወስናል። ቴክሳስ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኔቫዳና አሪዞና በጋብቻ የተፈራ ንብረት የጋራ ከሆነባቸው ስቴቶች መካከል ናቸው። እዚያ ባልና ሚስት ብቻ የያዙት ኤልኤልሲ እንደ አንድ ሰው ኤልኤልሲ ሊታይ ይችላል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ጆርጂያ ወይም ሚኒሶታ ከሆኑ ግን ሽርክና ነው፤ 1065 ይገባል፣ ለሁለታችሁም የየድርሻችሁን ትርፍ የሚያሳይ ኬ-1 ይወጣል፣ የማስገቢያ ቀኑም ማርች 15 ነው። ዳላስ ያለው ዘመድ «እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው» ስላለዎት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ እንዳይሞክሩት።

ኤልኤልሲዬን ወደ ኤስ-ኮርፕ ብቀይር ቁጥሩ ይቀየራል?

አይቀየርም። ኤልኤልሲው የራሱ ኢአይኤን ካለው ፎርም 2553 ያስገባሉ፤ ቁጥሩ ያው ነው። ለዚያው ዓመት እንዲሠራ ዓመቱ በገባ በ2 ወር ከ15 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የራሱ ኢአይኤን ያልነበረው ኤልኤልሲ ግን መጀመሪያ ቁጥር ያውጣ።

ምግብ ቤት ልገዛ ነው። ሻጩ «ኢአይኤኑንም ጨምሬ እሰጥሃለሁ» ይለኛል።

ሊሰጥዎት አይችልም። የሚገዙት ዕቃውን፣ ስሙንና የኪራይ ውሉን ከሆነ፣ ባለቤት ተለውጧል፤ በራስዎ ድርጅት ስም አዲስ ቁጥር ያወጣሉ። የሻጩን ቁጥር ተጠቅመው ደመወዝ ቢከፍሉ፣ ካርድ ማሽን ቢያስገቡ፣ ገቢው ሁሉ አይአርኤስ ጋ የሚታየው በሻጩ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለታችሁም ደብዳቤ ይደርሳችኋል፣ ሁለታችሁም ተቀያይማችሁ ትቀራላችሁ። ሽያጩን ደግሞ ሻጭም ገዢም በየታክሳቸው ላይ በፎርም 8594 ያሳውቃሉ፤ ዋጋው ለዕቃው ስንት፣ ለስሙ ስንት ተብሎ ይከፋፈላል። ሁለታችሁ የምትጽፉት የዋጋ ክፍፍል ይመሳሰል።

ድርጅቱን ራሱን ከገዙ፣ ማለትም የኮርፖሬሽኑን አክሲዮን በሙሉ ከወሰዱ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ድርጅቱ ያው ስለሆነ ቁጥሩም ያው ነው፤ እርስዎ 8822-ቢ አስገብተው አዲሱ ኃላፊ መሆንዎን ያሳውቃሉ። ግን ከቁጥሩ ጋር ዕዳው ሁሉ ይመጣል። ያልተከፈለ ፔይሮል ታክስ፣ የተረሳ ሴልስ ታክስ፣ የቀድሞ ሠራተኛ ክስ፣ ሁሉም የእርስዎ ድርጅት ዕዳ ነው። ሻጩ አበሻ ነው፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው ብሎ ወረቀት ሳያዩ መፈረም በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። መዘዙ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው።

ዕቃውን ብቻ ቢገዙም ሙሉ ለሙሉ ነፃ አይደሉም። በብዙ ስቴቶች ሻጩ ሳይከፍል የሄደው ሴልስ ታክስ ገዢውን ይከተላል። ስለዚህ ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት ከስቴቱ የታክስ ክሊራንስ እንዲያመጣ ይጠይቁ፤ እስኪመጣ ከዋጋው የተወሰነው በጠበቃ እጅ ይቀመጥ። ክሊራንስ ማምጣት የማይፈልግ ሻጭ ለምን እንደማይፈልግ አስቀድሞ ያውቃል።

ለጊዜው በወንድሜ ኢአይኤን ብሠራስ?

አይሆንም። ገቢው የወንድምዎ ሆኖ ይመዘገባል፣ ግብሩም እሱ ላይ ይመጣል። የእርስዎን ቁጥር ለሌላ ማዋስም ያው ነው።

ታክስ ዕዳ ያለበትን ትቼ በአዲስ ቁጥር ብጀምር ዕዳው ይቀርልኛል?

አይቀርም። በግል ስም ከሠሩ ዕዳው የእርስዎ ነው፤ ኢአይኤኑ ቢቀየርም ሶሻልዎ አልተቀየረም። ኤልኤልሲ ወይም ኮርፖሬሽን ከነበረ የድርጅቱ ዕዳ በድርጅቱ ላይ ሊቀር የሚችልበት መንገድ አለ። ከሠራተኛ ደመወዝ ተቀንሶ ለአይአርኤስ ሳይተላለፍ የቀረ ገንዘብ ግን የተለየ ነው። ያ የሠራተኛው ገንዘብ እርስዎ ጋ በአደራ እንደተቀመጠ ነው የሚቆጠረው። ኪራይ ይቅደም ብሎ ያንን ያልላከ ባለቤት ያልተላለፈው ገንዘብ በሙሉ በግሉ ሊጠየቅበት ይችላል። ቼክ የመፈረም ሥልጣን ያለው ማኔጀርም ሊጨመር ይችላል።

በዚያው ቤት፣ በዚያው ዕቃ፣ በዚያው ደንበኛ አዲስ ኤልኤልሲ ከፍቶ መቀጠልም አያስመልጥም። አይአርኤስ አዲሱን የአሮጌው ተቀጥላ ነው ብሎ ሊከተለው ይችላል። ዕዳውን በየወሩ ለመክፈል መስማማት ይቻላል፤ አብዛኛው ሰው የሚወጣውም በዚያ ነው። አይአርኤስ በመደበኛው ዕዳውን ከወሰነበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ማስከፈል ይችላል፤ ይረሳዋል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

አሮጌ ቁጥር ለብድር ይጠቅማል ይባላል፤ እውነት ነው?

ግማሹ። የቢዝነስ ክሬዲት የሚጠራቀመው በድርጅቱ ላይ ነው። ያው ድርጅት ከሆነ፣ የቆየ የክፍያ ታሪክ ካለው፣ በእርግጥ ይጠቅማል። ቁጥሩ ብቻውን አሮጌ መሆኑ ግን ለባንክ ምንም ማለት አይደለም። አበዳሪ የሚያየው ድርጅቱ በስቴት የተመዘገበበትን ቀን፣ ያለፉ ዓመታት ታክስና የባንክ እንቅስቃሴ ነው። ሥራ ሳይሠራ አሥር ዓመት የተኛ ኤልኤልሲ አሥር ዓመት የተኛ ኤልኤልሲ ነው።

«ዕድሜ ያለው ኩባንያ ከነኢአይኤኑ» እያሉ የሚሸጡ አሉ፤ በሶሻል ሚዲያ ማስታወቂያቸው አይጠፋም። ገንዘብዎን አያባክኑ። የሌላ ሰውን ታሪክ የራስዎ አስመስለው ብድር ካመለከቱ ደግሞ ባንክን በሐሰት መረጃ ማታለል ነው፤ የፌዴራል ወንጀል ነው።

የዕድራችን የባንክ አካውንት በአንድ አባል ኢአይኤን ተከፍቷል። ይቀጥል?

ይዘጋና በዕድሩ ስም ይከፈት። አባሉ ቅን ሰው ቢሆንም፣ አካውንቱ ወለድ ካመጣ በእሱ ገቢ ይመዘገባል፤ አበዳሪ ቢመጣበት ወይም ቢሞት የዕድሩ ገንዘብ ከእሱ ንብረት ጋር ይጠላለፋል። ዕድሩ፣ የአካባቢ ማኅበሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ የየራሳቸው ቁጥር ይኖራቸዋል። የቤተ ክርስቲያኑን ኢአይኤን ለሌላ ማኅበር ማዋልም ትክክል አይደለም።

ለማኅበር አንድ ጥንቃቄ አለ። መተዳደሪያ ደንብ ተጽፎ፣ በስቴት ተመዝግቦ ሳያልቅ ኢአይኤን አያውጡ። አይአርኤስ ቁጥር ሲሰጥ ማኅበሩ ተቋቁሟል ብሎ ይወስዳል። ከግብር ነፃ የሚሆን ማኅበር ደግሞ ሦስት ዓመት በተከታታይ ዓመታዊ ቅጹን ካላስገባ ነፃነቱ በራሱ ይሰረዛል። በዓመት ገቢያቸው ብዙውን ጊዜ ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበራት የሚያስገቡት 990-ኤን የሚባል አጭር የኢንተርኔት ቅጽ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ነው የሚረሳው። አሮጌ የማኅበር ቁጥር ከማንሣታችሁ በፊት ተሰርዞ እንደሆነ በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ በስም ፈልጉት።

አባቴ አርፏል። ሱቁን በእሱ ቁጥር ልቀጥል?

አባትዎ በግል ስማቸው ይሠሩ ከነበረ አይችሉም። እርስዎ ወርሰው ሲያስኬዱት በራስዎ ቁጥር ይሆናል። ውርሱ እስኪጣራ ሱቁ ገቢ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ውርሱ ራሱ የራሱ ኢአይኤን ይወጣለታል። ሱቁ በኮርፖሬሽን ስም ከነበረ ኮርፖሬሽኑ አልሞተም፤ ቁጥሩ ይቀጥላል፤ የኃላፊው ስም ይቀየራል።

አሮጌውን ከአሁን በኋላ አልፈልገውም። እንዴት ልዝጋው?

ከመጨረሻው ይጀምራል፤ የመጨረሻውን ታክስ ያስገቡና «የመጨረሻ» የሚለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉ። ሠራተኛ ከነበረ 941ም እንዲሁ፤ ደብሊው-2ም ለሠራተኞቹ ይሰጣል። ኮርፖሬሽን ከሆነ ለመፍረስ በወሰነ በ30 ቀን ውስጥ ፎርም 966 ያስገባል። ከዚያ የድርጅቱን ሙሉ ስም፣ ቁጥሩን፣ አድራሻውንና የሚዘጋበትን ምክንያት ጽፈው ለአይአርኤስ ይላኩ፤ ሲፒ 575 ካለዎት ቅጂውን ያያይዙ። ያልገባ ታክስ ወይም ያልተከፈለ ዕዳ ካለ አካውንቱ አይዘጋም። የስቴቱን አካውንት ለብቻው ይዝጉ፤ የሴልስ ታክስ አካውንት ሳይዘጋ ከቀረ ስቴቱ እየገመተ ሂሳብ ይልክልዎታል።

በስህተት አዲሱን ሥራ በአሮጌው ቁጥር ስሠራ ቆይቻለሁ። ይስተካከላል?

ይስተካከላል፤ ድካሙ ግን እንደ ፎርሙ ዓይነት ይለያያል። ደንበኞች 1099 በአሮጌው ቁጥር ከላኩ አዲስ ደብሊው-9 ይስጧቸውና እርማት እንዲያወጡ ይጠይቁ። አሮጌው ቁጥር የእርስዎ የግል፣ ኤልኤልሲውም የአንድ ሰው ተራ ኤልኤልሲ ከሆነ ግን አይደናገጡ፤ ከላይ እንዳልነው የደብሊው-9 ቁጥር ያው የባለቤቱ ነው፤ ገቢውም ያው በስኬጁል ሲ ይገባል። ምናልባት ምንም ስህተት አልሠሩም።

አስቸጋሪው ፔይሮል ነው። በተሳሳተ ቁጥር የተከፈለ 941 ወደ ትክክለኛው እንዲዛወር ለአይአርኤስ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ወደ አሮጌው አካውንት ስለገባ አዲሱ ያልከፈለ ሆኖ ይታያል። ደብሊው-2 ላይ ቁጥሩ ከተሳሳተ ደግሞ ሁለት ዙር የእርማት ቅጽ ይሞላል፤ አንዱ በአሮጌው ቁጥር የገባውን ወደ ዜሮ ያወርዳል፣ ሁለተኛው በትክክለኛው ያስገባል። ይህንን ብቻዎን አይጋፈጡት፤ ፔይሮል የሚያውቅ ሰው ይያዙ። የፔይሮል ሶፍትዌሩ ላይ ቁጥሩን የሚቀይሩት ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ቢሆን ይመረጣል፤ በመሃል ከተቀየረ ለአንዱ ሩብ ዓመት በሁለቱም ቁጥር 941 ማስገባት ይመጣል።